ወስፌው የማን ነበር

ዱን አርዳ፣ የቅድስት ብሪጊት በዓል ባለፈ በሳምንቱ

ለእታለም ላሳር፣

እንደምን ከርመሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እመምኔቷ ደህና ናቸው? እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከርጥበቱ በቀር ያስቸገረኝ ነገር የለም። ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። እዚህ ቤት ብራና እንደ ቅቤ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። ይህቺን ቁራጭ ያገኘኋት የዳኛውን መዝሙረ ዳዊት ስጠግን ከተረፈው ጠርዝ ላይ ነው። ፊደሌ የጉንዳን መንገድ ቢመስልሽ ይቅር በዪኝ።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሱ አዎ ነው። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ጸሎቴን አላስታጎልኩም፣ በአብዛኛው። አዎ፣ ካባዬን ራሴ እሰፋለሁ፤ ስፌቱን ብታዪው ግን ታለቅሻለሽ። ሰዎቹ እንዴት ናቸው ላልሽኝ፣ ሰዎቹ ወደውኛል። እኔም ወድጃቸዋለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከገዳም ቅጥር ሳልወጣ ተምሬ፣ ዕውቀቴን የሚፈልግ ሰው ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ግቢ ኦጋም የሚባለውን የጭረት ጽሕፈት ማንበብ የምንችለው ዳኛው ኦልካንና እኔ ብቻ ነን። የዳኛው ዓይን ደግሞ ደክሟል። ስለዚህ ማበጠሪያው፣ የቢላው እጀታ፣ የእንዝርቱ ድንጋይ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። "ስሜን ጫርልኝ" ይሉኛል። ቁጭ ብዬ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ግራና ቀኝ እየጫርኩ ስማቸውን አወጣለሁ። እነሱም በጣታቸው እየዳሰሱ ይስቃሉ። ዓሣ የምትከትፈዋ ሴት ቢላዋን ተቀብላ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚሰርቀኝ ስሜንም ይስረቅ አለች። ወጥ ቤት ስገባ ደግሞ ሴቶቹ፣ አጥንት ጫሪው መጣ፣ ውሻውን እሰሩት ይባባላሉ። የአንቺንም የእንዝርት ድንጋይ ላኪልኝና ስምሽን አሳምሬ ልጫርልሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ኮንጋል የሚባል ጌታ አለ፤ በከብት ብዛት ከንጉሡ ቀጥሎ የሚጠራ። ልጁ ባይታን ወንዙ ማቋረጫ ላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ማቋረጫው ደግሞ፣ አባቱ በማደጎ ሰጥቶት ካሳደገችው ሴት ቤት ሥር ነው። ሳርናት ትባላለች። ከምዕራቡ ደሴቶች አግብታ የመጣች ናት፤ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ቀርታለች። ኮንጋል ባለፈው መከር ላይ የማደጎው ጊዜ ሳያልቅ ልጁን ከእጇ ወስዶባት ነበር። ያን ዕለት በሯ ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከኔ ወስዳችሁት በሰላም አትኖሩም ብላለች ይባላል። ከሬሳው አጠገብ ጭቃው ውስጥ የካባ ማያያዣ ወስፌ ተገኘ። አጥንት ነው፤ ጠርዙ ላይ ጭረት አለው። ዳኛው ለእኔ ሰጡኝ። አጥቤ አነበብኩት። "ሳርናት" ይላል።

ይህን ያህል ጥርት ያለ ጭረት አይቼ አላውቅም። ልጁን መትታ ስትሸሽ ከካባዋ የወደቀ ነው፤ ኮንጋልም የሚለው ይህንኑ ነው። ሸንጎው ከፋሲካ በኋላ ይሰየማል። ከተፈረደባት፣ ሴት ስለሆነች፣ ደሟ አይፈስም፤ ባሕር ላይ ትለቀቃለች። ወስፌውን በሸንጎ ፊት እኔ እንዳነብ ዳኛው ወስነዋል። በደንብ ከሆነልኝ፣ እታለም፣ ከወንበራቸው በስተቀኝ ያለው ቦታ የኔ ነው። ልጅ የላቸውም። ከእሳቸው በኋላ ማን እንደሚዳኝ አንቺው አስቢው።

ወንድምሽ ማይናክ


ኪል ኢታ፣ በዐቢይ ጾም መካከል

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ያ በየመንደሩ እየዞረ የሚሸጠው ማበጠሪያ ሠሪ ከነዓሣ ሽታው አደረሰልኝ። ሳሌ ለቆኛል፤ አሁን ከጎኔ የምትተኛዋ እህት ጋ ነው። እመምኔቷ ደህና ናቸው፤ ደብዳቤህን ሳነብላቸው "በአብዛኛው" የምትለዋን ቃል ዘልዬልሃለሁና ለውለታዬ ጸልይልኝ። የካባህን ነገር ስሰማ ግን እውነትም ማልቀስ አማረኝ። ለበጋ ሌላ ፈትዬ እልክልሃለሁ።

የእንዝርቴን ድንጋይ አልልክልህም። ያለ እሱ እጄ አይፈትልም፤ ደግሞም ስም አለበት። የኔ ስም አይደለም እንጂ አለበት። ልጅ ሆነህ በሱፍ ጠቅልዬ ስደብቀው አይተህ፣ ምግብ የደበቅሁብህ መስሎህ ስትነፋረቅ አልነበር? ያኔ ከማደጎ፣ ከደሴቱ፣ ከተመለስኩ ገና መንፈቄ ነበር። አባታችን አንተን ለገዳም፣ እኔን ለማደጎ ከፋፍሎን፣ በዓመት አንዴ ስንገናኝ እንኳ የምናወራው አጥተን እንተያይ ነበር።

ስለዚያች ሴት የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። ዳኛው ያሉትን ነግረኸኛል፤ ኮንጋል ያለውን ነግረኸኛል፤ አንተ ያነበብከውንማ በሚገባ ነግረኸኛል። ሴትየዋ ምን አለች? ከደሴቶቹ የቱ ላይ ነው የተወለደችው? በሸንጎ ፊት አብሯት የሚምል ዘመድ አላት ወይ? የሚምልላት የሌለው ሰው ቃል በናንተ አገር ከበግ ጩኸት እንደማይለይ አውቃለሁ።

በዚህ ክረምት ባሕሩ ክፉ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ሁለት ሰው ቀብረዋል። ስለ ባሕር ስትጽፍ እንደ ቅጣት ብቻ አትጻፈው፤ እኛ ከሥሩ ነው የምንኖረው።

ጠግበህ ብላ። መልስልኝ።

ላሳር


ዱን አርዳ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በዋለው ሐሙስ

ለእታለም ላሳር፣

እንኳን አደረሰሽ። በበዓሉ ዝም ማለቴ ነውር ነው፤ አምኛለሁ፤ ግን ማበጠሪያ ሠሪው በጾሙ አልመጣም፣ እኔም ከዳኛው አጠገብ ለአፍታ አልተለየሁም። ያልሽኝ ካባ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል፣ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ከወንበሩ በስተቀኝ ለሚቀመጥ ሰው ሰማያዊ ያምርበታል።

አዎ፣ ተቀምጫለሁ።

ሸንጎው ከሣሩ ሜዳ ላይ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው መጡ። ዳኛው ወስፌውን አንስተው፣ ጣትህን ጠርዙ ላይ አድርግና ጮክ ብለህ አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰዎቹ አጥንት ስም ሲጠራ ሰምተው አያውቁም፤ አንዳንዶቹ አማተቡ።

ሴትየዋ ምን አለች ላልሽኝ፣ ማስቀረቴ አልነበረም፤ ያኔ ገና ምንም አላለችም ነበር። አሁን ግን ተናገረች። አጭር ሴት ናት፤ እጆቿ የሽማኔ እጅ ናቸው። እንዲህ አለች፦

"ወስፌው የኔ አይደለም። የሱ ነው። ሲሄድ እኔ ነኝ የሰጠሁት። በኛ አገር እንዲህ ነው።"

ኮንጋል ተነሣ። "ላም ለሰው ስሰጥ ጆሮዋን በኔ ምልክት በስቼ ነው የምሰጠው?" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ እውነት ነውና። በኛ አገር እንዲህ ነው ላለችው የሚመሰክርላት አንድም የደሴት ሰው በሸንጎው አልነበረም። ወንድም የላትም፤ እህት አለቻት ይላሉ፣ እሷም ከባሕሩ ማዶ ናት። አብሯት የሚምል አልተገኘም።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። በተማርክበት መጽሐፍ ሁሉ፣ በዕቃ ላይ የተጫረ ስም የማን ነው አሉኝ። የባለቤቱ ነው አልኩ። ሌላ ዓይነት አይተህ ታውቃለህ አሉኝ። አላየሁም አልኩ። አላየሁማ! ሴትየዋ ያን ጊዜ አየችኝ። "አንተ ልጅ፣ ማን ነው ያሳደገህ?" አለች። "መጽሐፍ ነዋ" አልኳት። ሸንጎው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ንጉሡ ሳይቀሩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። "እንግዲያው አታውቅም" ብላ ተቀመጠች።

ተፈረደባት። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከየብሱ በኩል እስኪነሣ ግቢው ውስጥ ታስራ ትቆያለች። ከዚያ በቆዳ ጀልባ፣ ከአንድ መቅዘፊያና ከአንድ ገንቦ አጥሚት ጋር ትለቀቃለች። ባሕሩ ወደ ምድር ከመለሳት የፈጣሪ ፍርድ ነው፤ ማንም አይነካትም። ጀልባዋን የሚጎትቱት ሰዎች የሚለቋት፣ ከባሕሩ ዳር የተያዘው ነጭ ጋሻ ከዓይናቸው ሲጠፋ ነው። ጋሻውን የምይዘው ማን መሰለሽ? እኔ። ዳኛው ራሳቸው ናቸው የመረጡኝ።

ዳኛ በሐሰት ሲፈርድ ጉንጩ ላይ ውኃ የቋጠረ ዕብጠት ይወጣል ይባል የለ? በማግስቱ ዳኛው ጉንጫቸውን እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። ንጹሕ ነው። የኔንም በባልዲ ውኃ አየሁት። ከብጉር በቀር ምንም የለበትም።

የእንዝርትሽ ድንጋይ የሌላ ሰው ስም ካለበት፣ እታለም፣ ወይ ወድቆ አግኝተሽዋል ወይ ሰርቀሽዋል። ለኔ እንዳትቀርቢ፤ እፈርድብሻለሁ።

ወንድምሽ ማይናክ፣ አጥንት አንባቢው


ኪል ኢታ፣ ደብዳቤህ በደረሰኝ ዕለት

ማይናክ፣

ሰላምታ የለኝም። እስከዚህ ካነበብክ አቁምና ወደ ዳኛው ሂድ። የቀረውን እሳቸው ፊት ቆመህ፣ ወስፌውን ባነበብክበት ድምፅ አንብበው።

እኔ ላሳር፣ በኪል ኢታ የምኖር፣ ከምዕራቡ ደሴቶች በአንዱ በማደጎ ያደግሁ፣ በዚህ ቤት መሠዊያ ላይ እጄን አድርጌ እምላለሁ። በደሴቶቹ ላይ ልጅ ከማደጎ ሲወጣ፣ አሳዳጊ እናቱ በእጇ የሠራችውን አንድ ነገር ትሰጠዋለች። ለወንድ የካባ ወስፌ ነው፤ ለሴት የእንዝርት ድንጋይ። በላዩ ላይ የራሷን ስም ታስጭራለች። የልጁ ስም አይጫርም። ልጁ የራሱን ስም አይረሳም፤ የሚረሳው የእሷን ነው። ከተቀበለ በኋላ ዕቃው የልጁ ነው፤ በሕይወት እስካለ ከሰውነቱ አይለየውም፤ ሲሞትም አብሮት ይቀበራል። ሳርናት የተናገረችው እውነት ነው። ወስፌው ጭቃው ውስጥ የተገኘው ባይታን እዚያ ስለነበረ ነው እንጂ እሷ ስለነበረች አይደለም። ወደ እሷ ቤት እየተመለሰ ነበር። ማቋረጫው በዚያ ወር ሞልቶ እንደሚያዳልጥ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

በእኔ ድንጋይ ላይ ያለው ስም ጎርምላ ነው። ያሳደገችኝ ናት። ድንጋዩን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ለዳኛው በእጃቸው ስጣቸው፣ ዓይናቸው ቢደክም ጣታቸው ያነባል። እመምኔቷም ከቃሌ በታች ቃላቸውን ጨምረዋል። የእመምኔት መሐላ ከኮንጋል መሐላ እንደማያንስ ዳኛው ያውቃሉ።

እዚህ ድረስ ለዳኛው ነው። ይህ ደግሞ ለአንተ። ነግሬህ ነበር። በጾሙ ጽፌልህ ነበር፤ ስም አለበት፣ የኔ አይደለም ብዬህ ነበር። አንተ ቀለድክበት። እኔም ለቀልድ እንደሚጻፍ አድርጌ ነበር የጻፍኩት፤ ስለ ጎርምላ በቁም ነገር ካወራሁ የማለቅስ ስለሚመስለኝ። ሁለታችንም ጥፋት አለብን። የአንተ ይበልጣል፤ ጠይቄህ ነበርና።

ነፋሱ እዚህ ገና ከምዕራብ ነው። ጊዜ አለህ። ማበጠሪያ ሠሪው እቃውን እዚህ ጥሎ ባዶ እጁን እንዲሮጥ አድርጌዋለሁ።

ላሳር


ዱን አርዳ፣ የበጋው መግቢያ እሳት በነደደ ማግስት

ላሳር፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ድንጋዩም ደረሰኝ። ማበጠሪያ ሠሪውን እንዳትቆጪው፤ መንገድ ላይ አልተቀመጠም፤ እግሩ ደምቶ ነበር።

ነፋሱ እዚህ የዞረው እሱ ከመድረሱ በፊት ነበር።

ባሕር ዳር ብዙ ሰው ወጥቶ ነበር። እሷን በአጭሩ ልንገርሽ፤ አላለቀሰችም፤ ገንቦውን ተቀብላ አመሰገነች። እኔ ዓለቱ ላይ ነጩን ጋሻ ይዤ ቆምኩ። ጎታቾቹ ጀልባዋን ይዘው ሄዱ። ጋሻው ከባድ ነበር። ክንዴ ሲዝል፣ ዝቅ ላድርገው ብዬ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ዳኛው ያዩኛል፣ ንጉሡ ያዩኛል ብዬ አሰብኩና ከፍ አደረግሁት። በእግር ጣቴ ቆምኩ። እንዲያምርልኝ ብዬ ነው። ጎታቾቹ ጋሻው እስኪጠፋቸው ድረስ ቀዘፉ። ሲመለሱ አንዱ ምን አለኝ መሰለሽ፤ "አንተ ተማሪ፣ ጋሻ ነው ወይስ ጨረቃ የያዝከው? አልጠፋ ብሎን ክንዳችን ተቆረጠ" አለኝ። ሳቅሁለት። እንደ ሙገሳ ነበር የወሰድኩት።

ዝቅ ባደርገው ቅርብ ላይ ይለቋት ነበር። ይህን ያሰብኩት ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ለዳኛው አነበብክላቸው ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ገና ነኝ። ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር። አንድ ጊዜ ተኝተው ነበር። አንድ ጊዜ አልተኙም ነበር። ሰማያዊውን ካባ አትላኪው።

ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቅኋቸው። ነፋሱ ተመልሶ ከምዕራብ ከመጣ ባሕሩ የወሰደውን ወደ ሰሜን፣ ወደ እናንተ ዳርቻ ነው የሚያወጣው ይላሉ። ነፋሱ ተመልሷል። ከትናንት ጀምሮ ከምዕራብ ነው። እባክሽ ወደ ዳርቻው ሰው ላኪ። እመምኔቷ ይፍቀዱልሽና አንቺው ራስሽ ውረጂ። ባሕሩ ከመለሳት ነጻ ናት፤ ማንም አይነካትም። የቆዳ ጀልባ ቀላል ነው፤ ማዕበል ላይ እንደ ላባ ይንሳፈፋል፣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አጥሚቱም ወፍራም ነበር። እሷም ብርቱ ናት፤ እጆቿን አይቻቸዋለሁ።

ድንጋዩ አጠገቤ ነው። አነበብኩት። ጎርምላ ይላል።

ማይናክ


ኪል ኢታ፣ የቅዱስ ኮሉምባ በዓል ዋዜማ

ማይናክ፣

አገኘናት።

በሕይወት አልነበረችም። ውረጂ ካልከኝ ጀምሮ በየማለዳው ስወርድ ነበር፤ እመምኔቷ አንድ ጊዜም አልከለከሉኝም። ጀልባው ከታች ከድንጋዮቹ መካከል ተሰንቅሮ ነበር፤ አልተገለበጠም፣ አልተቀደደም። እውነትህን ነው፤ እንደ ላባ ነው። ገንቦው ባዶ ነው። በቆዳው ጫማዋ የዝናብ ውኃ ስታጠራቅም እንደነበር ያስታውቃል። ለመኖር የሚቻለውን ሁሉ አድርጋለች። ከምን ያህል ርቀት ላይ እንደጀመረች አውቃለሁና ብዙ አልጽፍም።

ሬሳዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። መቅዘፊያው ከእጇ አልላቀቅ አለን፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያነሣናቸው። መዳፎቿ ከዳር እስከ ዳር ውኃ ቋጥረው ፈንድተዋል። በሐሰት የፈረደ ዳኛ ጉንጩ ያብጣል ትላላችሁ። እኔ ዕብጠቱን ያየሁት በእሷ መዳፍ ላይ ነው።

ከእህቶቻችን ጎን ቀበርናት። የሚያለቅስላት ልጅ ስለሌላት በደሴቶቹ ዜማ እኔ አለቀስኩላት። ዜማውን የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

ወስፌው በዳኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ የነገረኝ ማበጠሪያ ሠሪው ነው፤ ለሰው እያሳዩ ያስተምሩበታል አለኝ። ልላክልሽ ወይ ብለህም በእሱ አፍ ልከህብኛል። አትላክልኝ። ከእሷ ጋር አይቀበርም፤ የእሷ አይደለም። የባይታን ነው። ወደ ባይታን መቃብር ይግባ።

መቃብር ያለ ኮንጋል ፈቃድ አይከፈትም። ኮንጋልን ለማስፈቀድ ደግሞ ለምን እንደሆነ መናገር አለብህ። ስለዚህ ነው የምጠይቅህ። በር ድረስ ሄደህ የምትመለስበት ነገር አይደለም። ልታደርገው ካልቻልክ ጻፍልኝና እኔ በእግሬ እመጣለሁ።

የእንዝርቴን ድንጋይ መልስልኝ። እጄ ሥራ ፈቷል።

እህትህ ላሳር


ዱን አርዳ፣ የመከሩ ሸንጎ በተበተነ ማግስት

ለእታለም ላሳር፣

እንደምን ሰነበትሽ? ድንጋይሽን በዚህ ሱፍ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አልተጫረም፣ አልተነካም።

አንብቤዋለሁ። ለዳኛው ብቻ አይደለም፤ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ የመሐላውንም የኋላውንም ደብዳቤሽን አነበብኩ። መዳፎቿ ጋ ስደርስ ውኃ ጠጥቼ ቀጠልኩ። አጥንት ጫሪው የሚሉኝ ሴቶች ከኋላ ቆመው ነበር። ማንም አልሳቀም።

ዳኛው በጣታቸው ድንጋይሽን ዳሰሱት። ከዚያ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ ሸንጎው የፈረደው በፊቱ በቀረበው ነው፤ ተማሪውም የተናገረው የሚያውቀውን ነው፤ ስለማያውቀው ነገር የሚጠየቅ ሰው የለም። ፍርዱ ፍርድ እንደሆነ ይቆያል አሉ። የኔም ቦታ እንደዚያው። ና ተቀመጥ አሉኝ። ሕጉን በደንብ ነው የጠቀሱት፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እጠቅሰው ነበር።

ኮንጋል ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ወስፌውን ከሣጥኑ አስወጣውና፣ ስሟ ከየት ነው የሚጀምረው አለኝ። ጣቱን ይዤ ታችኛው ጭረት ላይ አኖርኩለት። እስከ ጫፉ ድረስ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"እኔ የብር ወስፌ ነበር ያሠራሁለት። በዚያን ዕለት የብሩን ቤት ትቶት ነው የወጣው። ሌባ የወሰደበት እንዳልሆነ እያየሁት፣ ለምን እንደተወው አልጠየቅሁም።"

መቃብሩን በሰው አላስቆፈረም። ራሱ ቆፈረ። ላግዝህ ስለው አካፋውን አልሰጠኝም፤ ሂድም አላለኝም። ስለዚህ ቆምኩ። ወስፌውን ልጁ ደረት ላይ ሲያኖረው ስሟ ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ አስተካከለው።

ከወንበሩ በስተቀኝ አልተቀመጥኩም። ነገ ከማበጠሪያ ሠሪው ጋር ወደ ምዕራብ እወርዳለሁ፤ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ጀልባ አለ ብሎኛል። ሳርናት እህት አለቻት። የት እንደተቀበረች፣ ማን እንዳጠባት፣ ማን እንዳለቀሰላት ልነግራት ነው። ጋሻውን ማን እንደያዘም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አላውቅም የሚለውን ቃል ስጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አልከበደውም።

ያቺ ዓሣ የምትከትፈዋ ሴት ትንሹን ልጇን ለማደጎ ልትሰጥ ነው፤ ትናንት ትንሽ ማበጠሪያ ይዛ መጥታ ስም ጫርልኝ አለችኝ። የማን ስም አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝና፣ የልጁን ነዋ፣ የማን ልትጭር ኖሯል አለች። ሜዳው ላይ ከኋላ ቆማ ሰምታ ነበር። "ቆይ" አለች፤ "የኔን ጫረው።"

ጫርኩላት።

በየማለዳው ፊቴን በባልዲ ውኃ አየዋለሁ፤ ዕብጠቱ አንዱን ቀን ይወጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ዛሬም አየሁት፣ እታለም። ምንም የለበትም።

ማይናክ